ከገንዘቡ ይልቅ ሐይቃቸውን የመረጡት የታኦስ ሰዎች

በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ ሳንግሬ ደ ክሪስቶ በሚባሉት ተራሮች ግርጌ፣ ከጭቃ የተሠሩና እስከ አምስት ደርብ የሚደርሱ ሁለት ትልልቅ የመኖሪያ ሕንጻዎች በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። መንደሩ ታኦስ ፑዌብሎ ይባላል። ወደ አንድ ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሰው ሳይለየው የኖረ በመሆኑ፣ በዛሬዋ አሜሪካ ምድር ያለማቋረጥ ከተኖረባቸው ጥንታዊ መንደሮች አንዱ ነው፤ ዩኔስኮም በ1992 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ ሐዋሳ ተቀምጬ ስለዚህ ሩቅ ማኅበረሰብ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን የሕንጻዎቹ ዕድሜ ስላስደነቀኝ ብቻ አይደለም። የታኦስ ሰዎች ታሪክ፣ አንድ ሕዝብ ከወግና ሥርዓቱ የትኛውን ለእንግዳ እንደሚያሳይ፣ የትኛውን ደግሞ በውስጡ እንደሚያስቀር ራሱ ለመወሰን ያደረገው ረጅም ተጋድሎ ሆኖ ስላገኘሁት ነው፤ ይህም ጉዳይ በየዓመቱ የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ ሲከበር በበዓሉ አደባባይ በጉዱማሌ ከምናየው ነገር ብዙም የራቀ አይደለም።

ፑዌብሎ የሚለውን መጠሪያ ለታኦስ ሰዎችና ለመሰሎቻቸው የሰጡት ስፔናውያን ናቸው፤ ፑዌብሎዎች ግን አንድ ስም ያለው አንድ ነገድ አይደሉም። ዛሬ በኒው ሜክሲኮ 19 የፑዌብሎ ማኅበረሰቦች አሉ፤ በአሪዞና የሚኖሩት ሆፒዎችና በቴክሳስ የምትገኘው ይስሌታ ዴል ሱርም የዚሁ ባህል ቤተሰብ ናቸው። በመንደሮቹ ውስጥ ቲዋ፣ ቴዋ፣ ቶዋ፣ ኬረስ፣ ዙኒና ሆፒ የተባሉ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ከእነዚህም ዙኒና ኬረስ ከሌሎቹ ጋር ዝምድና የላቸውም። አንድ የሚያደርጓቸው በአንድ ቦታ ረግቶ መኖር፣ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ አንድ ላይ ማብቀል፣ እንዲሁም ሥርዓታቸውን የሚፈጽሙባቸው ኪቫ የተባሉ በመሰላል የሚገባባቸው ክፍሎች ናቸው። አባቶቻቸው በቻኮ ሸለቆና በሜሳ ቨርዴ ገደሎች ታላላቅ የድንጋይ ከተሞችን ሠርተው ነበር፤ በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በደረሰው ብርቱ ድርቅ የሜሳ ቨርዴ ነዋሪዎች አካባቢውን ለቀው ብዙዎቹ ወደ ሪዮ ግራንዴና ወደ ገባሮቹ ወንዞች ወረዱ።

የታኦስ ቤቶች አፈር፣ ውኃና ጭድ ተቀላቅሎ የተሠሩ ናቸው። ጥንት ጭቃው በእጅ እየተደረበ ግድግዳው ከፍ ይል ነበር፤ በእንጨት ቅርጽ ተመትቶ በፀሐይ የሚደርቀው የጭቃ ጡብ የመጣው ከስፔናውያን ጋር ነው። ጣሪያው ከተራራ ተቆርጠው በወረዱ ወፋፍራም ግንዶች ላይ ቀጫጭን እንጨት ተረብርቦ፣ በላዩ አፈር ተደልድሎ የሚሠራ በመሆኑ፣ የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ደጃፍ ይሆናል። በቀድሞው ዘመን በምድር ቤቱ በኩል በር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው በመሰላል ጣሪያው ላይ ይወጣና ጣሪያው ላይ ባለው ቀዳዳ በሌላ መሰላል ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ጠላት የመጣ እንደሆነ የውጪው መሰላል ወደ ላይ ይሳባል። ዛሬ በርና መስኮት ገብቷል፤ መሰላሉ ግን አሁንም ከደርብ ወደ ደርብ መውጫ ሆኖ ያገለግላል።

እነዚህ ግድግዳዎች አንድ ጊዜ ተሠርተው የሚረሱ አይደሉም፤ ዝናብና በረዶ በየጊዜው ያጥባቸዋልና ባለቤቶቹ በየዓመቱ አዲስ ጭቃ ይመርጓቸዋል። በጭቃ ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በልጅነቴ እዚህ ሐዋሳ ክረምቱ ሲወጣ፣ አዲሱ ዓመት ሳይገባ፣ እናቴና ጎረቤቶቿ አፈሩን ቆፍረው፣ ጭድ በትነው፣ ውኃ አርከፍክፈው በእግራቸው ይረግጡት ነበር፤ ጭቃው ለቀናት ቦክቶ ሲለሰልስና ሲሸት ለምርጊት ደረሰ ይባላል። በመዳፍ እየተመታ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በቀጭን ጭቃ ይለቀለቃል። ዛሬ በብዙ ሰፈሮች በጭቃው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ሆኗል፤ ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን በስንጥቅ የገባው እርጥበት መውጫ ስለሚያጣ ውስጡ ይበሰብሳል። ከታኦስ ፑዌብሎ ብዙም በማትርቀው በራንቾስ ደ ታኦስ ያለው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን በ1967 እንዲሁ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ግድግዳው እርጥበት ይዞ በመጎዳቱ በ1979 ምእመናኑ ልስኑን አንሥተው ወደ ጭቃው ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ በእጃቸው ይመርጉታል። ይህን ያነሣሁት ጭቃን ለማወደስ አይደለም። በየዓመቱ መታደስ ያለበት ቤት፣ በየዓመቱ የሚያድሰው ሰውና ለልጁ የሚያሳየው እጅ ይፈልጋል፤ የታኦስ ሕንጻዎች አንድ ሺህ ዓመት የቆሙት ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን ይህ የሥራ ሰንሰለት ስላልተቋረጠ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የተሞከረበት ጊዜ ግን ነበር። ስፔናውያን በ1598 በሁዋን ደ ኦኛቴ መሪነት ኒው ሜክሲኮን ሲይዙ ከፑዌብሎዎች እህልና ብርድ ልብስ በግብር፣ ጉልበታቸውንም በግዳጅ ይወስዱ ጀመር። የኦኛቴ ወታደሮች በ1599 ዐለት ላይ የተቀመጠችውን የአኮማ ፑዌብሎን ከደመሰሱ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች ላይ አንድ እግራቸው እንዲቆረጥ ተፈርዶባቸዋል። ፍራንቸስካውያን መነኮሳት ደግሞ ኪቫዎቹን ወረሩ፤ የሥርዓት ጭምብሎችን ሰብስበው አቃጠሉ። በ1675 አገረ ገዢው ትሬቪኞ 47 የፑዌብሎ የሃይማኖት ሰዎችን በጥንቆላ ከስሶ አሠራቸው፤ ሦስቱ ተሰቀሉ፣ አንዱ ራሱን አጠፋ፣ የቀሩት ተገረፉ። ከተገረፉት መካከል ከኦኬይ ኦዊንጌ መንደር የመጣ ፖፔይ የተባለ ሰው ይገኝ ነበር። ፖፔይ ከእስር ሲወጣ ወደ ታኦስ ሄደ፤ ዐመፁንም ከዚያ ሆኖ አቀደ።

በዚህ ዐመፅ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ መልእክቱ የተላለፈበት መንገድ ነው። መንደሮቹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ናቸው፤ ቋንቋቸው ይለያያል፤ ጽሕፈት አልነበራቸውም፤ ምስጢሩ ወደ ስፔናውያን ጆሮ የገባ እንደሆነ ሁሉም ያልቃሉ። ስለዚህ ሯጮች ቋጠሮ ያለው ገመድ ይዘው ከመንደር መንደር ተላኩ፤ በየመንደሩ ያለው አለቃ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ የመጨረሻው ቋጠሮ የተፈታ ዕለት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ሁለቱ ሯጮች ካቱዋና ኦምቱዋ በመያዛቸው ቀኑ መቅደም ግድ ሆነ፤ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ በ10ኛው ቀን 1680፣ ዐመፁ ፈነዳ። 21 መነኮሳትን ጨምሮ ወደ 400 የሚጠጉ ስፔናውያን ተገደሉ፤ የቀሩት በሳንታ ፌ ከተከበቡ በኋላ ወደ ኤል ፓሶ ሸሹ። ለ12 ዓመታት አገሩ በባለቤቶቹ እጅ ነበረ። ስፔናውያን በ1692 በዲዬጎ ደ ቫርጋስ መሪነት ቢመለሱም፣ የግዳጅ ግብሩ ሥርዓት ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አልቆመም፤ በኪቫዎቹ ላይ የነበረው እጅም ላላ። ከ2005 ጀምሮ የፖፔይ ሐውልት ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ ኒው ሜክሲኮን ወክሎ ቆሟል፤ የጀሜዝ ፑዌብሎ ተወላጅ የሆነው ቀራጺ ክሊፍ ፍራጉዋ በእጁ ቋጠሮ ያለውን ገመድ አስይዞታል፤ በጀርባውም ላይ የግርፋቱን ጠባሳ ቀርጾበታል።

ከዐመፁ በኋላ የሆነው ነገር በቀላሉ ድል ወይም ሽንፈት ተብሎ የሚጠራ አይደለም። የታኦስ ሰዎች ክርስትናን ተቀበሉ፤ የአባቶቻቸውንም ሥርዓት አልተዉም። ሁለቱን አዋህደው ሦስተኛ ሃይማኖት አላደረጓቸውም፤ ጎን ለጎን ይዘዋቸው ኖረዋል። ስንዴን፣ በግንና ፈረስን፣ ከደጅ የሚቀመጠውን ጉልላት መሳይ የዳቦ ምድጃ ከስፔናውያን ወሰዱ፤ ዛሬ ምድጃው ከፑዌብሎ መንደር ተለይቶ አይታይም። ባህል ከሌላው ምንም ሳይነካ ተጠብቆ የሚቆይ ነገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበልም፤ የታኦስ ታሪክም ይህን አያሳይም። የሚያሳየው፣ የሚወሰደውንና የማይወሰደውን የመምረጡ ሥልጣን በማን እጅ እንደነበረ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1846 ኒው ሜክሲኮን ሲይዝም ደም ፈሷል፤ በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ የታኦስ ፑዌብሎ ሰዎችና ሜክሲኮዎች ተነሥተው አገረ ገዢውን ቻርልስ ቤንትን ገደሉ፤ በየካቲት የዘመተባቸው ጦር ሰዎች የተጠለሉበትን የቅዱስ ጀሮም ቤተ ክርስቲያን በመድፍ ደብድቦ ወደ 150 የሚጠጉትን ገደለ። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ፍርስራሽ ዛሬም በመቃብር መስቀሎች ተከቦ ይታያል።

አሁን ወደ ሐይቁ ልምጣ። ከመንደሩ በላይ በተራራው ውስጥ፣ በመንደሩ መካከል የሚያልፈው ወንዝ የሚነሣበት ሰማያዊ ሐይቅ የሚባል አነስተኛ ሐይቅ አለ። በታኦስ ሰዎች እምነት ሕዝባቸው የወጣው ከዚያ ነው፤ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወደዚያ ይወጣሉ፤ በዚያ የሚያደርጉትን ከእነርሱ በቀር ማንም አያውቅም። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሐይቁንና በዙሪያው ያለውን ደን ወስዶ የመንግሥት ደን አደረገው፤ ካሳም አልተከፈለም። ከዚያ በኋላ ከብት አርቢዎች የግጦሽ ፈቃድ አገኙ፤ ዓሣ አጥማጆችና ሽርሽረኞች መንገድ ተከፈተላቸው፤ ሥርዓቱ የሚፈጸምበት ቦታ የማንም መዋያ ሆነ።

የታኦስ ሰዎች ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ልቤን የነካው። በ1920ዎቹ በታኦስ ከተማ ለተወሰደባቸው መሬት የሚገባቸው የገንዘብ ካሳ ሲታሰብ፣ ሐይቁ የሚመለስልን ከሆነ ገንዘቡ ይቅር ብለው አቀረቡ፤ ሐይቁ ግን አልተመለሰም። በ1965 የይገባኛል ጥያቄዎችን የሚመለከተው ኮሚሽን መሬቱ ያለ አግባብ መወሰዱን አረጋገጠ፤ ኮሚሽኑ መስጠት የሚችለው ግን ገንዘብ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ አሁንም ገንዘቡን አልፈለጉም። ስለዚህ በሕግ ብቻ የሚፈታ ጉዳይ ሆነና ለዓመታት ወደ ዋሽንግተን ተመላለሱ፤ ምስክርነት ሰጡ፤ አብያተ ክርስቲያናትንና ጋዜጦችን ደጋፊ አደረጉ፤ የራሳቸው ግዛት ሴናተር ክሊንተን አንደርሰን በጽኑ ተቃወማቸው፤ የኦክላሆማው ሴናተር ፍሬድ ሃሪስና ባለቤቱ ላዶና ሃሪስ ደግሞ ከጎናቸው ቆሙ። የሴኔቱ ድምፅ በመጨረሻ 70 ለ12 ሆነ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በታኅሣሥ 15፣ 1970 ሕጉን ፈረመ፤ 48,000 ኤከር፣ ማለትም ወደ 19,400 ሄክታር የሚጠጋው መሬት ከ64 ዓመት በኋላ ለታኦስ ተመለሰ። የመንደሩ የሃይማኖት አባት ሁዋን ደ ሄሱስ ሮሜሮ በዕለቱ በዋይት ሐውስ ተገኝቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዘጠና ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነበር፤ ሐይቁ ሲወሰድ ወጣት ነበረ ማለት ነው።

የዚህ ክርክር እጅግ ከባዱ ገጽ በሕጉ አንቀጽ ውስጥ አይታይም። ምክር ቤቱ መሬቱን ለመመለስ ሐይቁ ቅዱስ መሆኑ እንዲረጋገጥለት ፈለገ፤ ሽማግሌዎቹ ግን በእምነታቸው መሠረት ስለዚያ ሥርዓት ለውጭ ሰው መናገር አይፈቀድላቸውም። እምነታቸውን ለማዳን እምነታቸው የሚከለክለውን ማድረግ ነበረባቸው። የቻሉትን ያህል ተናገሩ፤ ከዚያ በላይ አንልም ብለው አቆሙ፤ ያ ያሉት ጥቂቱ ቃል በቂ ሆነ። ሕጉ ሲወጣም ሐይቁ ለውጭ ሰው ዝግ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ዝግ ነው።

ይህን ሳነብ አንድ የሰፈራችን የሲዳማ አዛውንት ትዝ አሉኝ። የፊቼን ቀን የሚወስኑት አያንቶዎች ከዋክብትንና ጨረቃን እየተከታተሉ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባም ይህ ተጽፏል። እኔ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ከዚያ ትንሽ ጠለቅ ያለውን ማወቅ ፈለግሁ። አባታችን ስለ ከዋክብቱ ስሞችና ስለ ቀኑ አቆጣጠር ብዙ ነገሩኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን በፈገግታ፦ «እሱ የእነሱ ነው ልጄ፤ ቡናህን ጠጣ» አሉኝና ወሬውን ወደ እርሻ አዞሩት። ቅር አላለኝም። ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ ሲጨፈር፣ ልጆች ‹አይዴ ጨምበላላ› እያሉ ሲዞሩ፣ ከእንሰት የሚሠራው ቡርሳሜ ሲቀርብ ማንም እንግዳ ነው ተብሎ አይመለስም፤ ያ ለሁሉም የተዘረጋ ማዕድ ነው። ነገር ግን ስልኩን ከፍ አድርጎ ሁሉን ነገር ለመቅረጽ የሚጋፋ ሰው፣ ሊቀረጽ ያልቀረበ ነገርም እንዳለ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

ታኦስ ላይ ይህ በግልጽ ተደንግጓል። በበዓል ቀን ፎቶ ማንሣት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በሌላ ቀንም ነዋሪን ሳያስፈቅዱ አይነሣም፤ ኪቫዎቹና መቃብሩ ለጎብኚ ዝግ ናቸው፤ በእነርሱ የብርድ ወራት ማብቂያና በጸደያቸው መግቢያ ላይ ደግሞ ለሳምንታት መንደሩ በሙሉ ለሥርዓት ተብሎ ይዘጋል። በሌላ በኩል መስከረም 30 በእነርሱ አቆጣጠር የሚውለው የቅዱስ ጀሮም በዓል ለእንግዳ ክፍት ነው፤ ጠዋት ወንዶች በሰሜኑና በደቡቡ ሕንጻ ወገን ተከፍለው ይሮጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ፊታቸውንና አካላቸውን የተቀቡ የሥርዓት ቀልደኞች ጫፉ ላይ በግና ምግብ የተንጠለጠለበትን ረጅም ምሰሶ ይወጣሉ፤ የመንደሩ ሰዎችም እንግዶችን ቤታቸው አስገብተው ያበላሉ። ሩጫው ውድድር እንዳይመስላችሁ፤ ሮጠው ለምድርና ለፀሐይ ኃይል የሚመልሱበት ሥርዓት እንደሆነ ይነገራል።

የአስተዳደራቸው አወቃቀርም ይህንኑ ክፍፍል የያዘ ነው። በየዓመቱ የሽማግሌዎች ምክር ቤት አገረ ገዢና የጦር አለቃ ይሾማል፤ አገረ ገዢው በመንደሩ ውስጥ ያለውን ጉዳይና ከውጭው ዓለም ጋር ያለውን ግንኙነት ሲመለከት፣ የጦር አለቃው ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ተራራና መሬት ይጠብቃል። ቲዋ ቋንቋቸውም በጽሑፍ ሳይሆን በአፍ የሚወረስ ነው። እኛ ፊደል ያለን ሕዝብ በመሆናችን ይህ እንግዳ ሊሆንብን ይችላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ያልተጻፈ ቋንቋ እንዴት ይተርፋል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም፤ በየፑዌብሎው ቋንቋውን የሚናገሩ ልጆች ቁጥር መቀነስ የሽማግሌዎቹ ሁሉ ጭንቀት ነው። ቢሆንም ማንኛውም ሰው ከመደብር ገዝቶ የሚያነበው መዝገበ ቃላት እንዳይኖር መፈለግ፣ ቋንቋውን ለመማር ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥን ግድ ስለሚያደርግ፣ ከሐይቁ መዘጋት ጋር አንድ ዓይነት ውሳኔ ነው።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። በአሮጌው ቅጥር ውስጥ ኤሌክትሪክና የቧንቧ ውኃ እንዳይገባ ማኅበረሰቡ ወስኗል፤ ውኃ ከወንዙ ይቀዳል፤ ቤቱም በእሳት ይሞቃል። በዚህ ምክንያት በቅጥሩ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በዚያው በማኅበረሰቡ መሬት ላይ በተሠሩ ዘመናዊ ቤቶች እየኖሩ፣ ለበዓልና ለሥርዓት ወደ አባቶቻቸው ቤት ይመለሳሉ፤ ግድግዳውንም ይመርጋሉ። ብዙዎች ከቱሪዝም፣ ከሸክላ ሥራና ከጌጣጌጥ ገቢ ያገኛሉ፤ የታኦስ ሸክላ ሚካ የተባለው የሚያብረቀርቅ ማዕድን ያለበት በመሆኑ እሳት ላይ ተጥዶ ወጥ ይሠራበታል። የቱሪስት ገንዘብና የመንደር መዘጋት አብረው መሄዳቸው የሚያስቸግር ይመስላል፤ እነርሱ ግን መግቢያ እያስከፈሉ፣ ሲያስፈልግም በሩን ይዘጋሉ።

በቅርቡ ዘመን የተከራከሩበት ጉዳይ የውኃ መብት ነው። ክሱ የተጀመረው በ1969፣ ሐይቁ ከመመለሱ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር፤ የስምምነቱን ሕግ የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀው በ2010 ነው፤ በመካከሉ አራት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። የጨለለቃ ሐይቅ ወደ ረግረግነት ሲለወጥ ላየን የሐዋሳ ሰዎች የዚህ ክርክር ዝርዝር ባዕድ አይሆንብንም። በፑዌብሎው መሬት ላይ ‹የጎሽ መስክ› የሚባል ረግረጋማ ሥፍራ አለ፤ በአቅራቢያው ያሉ ከተሞች ከከርሰ ምድር በሚስቡት ውኃ ምክንያት እንዳይደርቅ ሥጋት ነበር። ስምምነቱ ከተሞቹ የውኃ ጉድጓዶቻቸውን ከረግረጉ ራቅ ወዳለ ቦታ እንዲወስዱ ያደርጋል፤ የታኦስ ሰዎችም ካላቸው የመስኖ መብት ከፊሉን ወዲያው ሳይሆን ቀስ በቀስ ለመጠቀም ተስማምተዋል፤ ይህም ከእነርሱ ጋር አንድ ወንዝ የሚጋሩት የስፔን ዘር ያላቸው ገበሬዎች ቦዮቻቸው ባንዴ እንዳይደርቁባቸው በማሰብ ነው።